ባለቤት የሌለው ግስ

ኦክስጅን ማለቁን ለባክቴሪያው ማን ነገረው?

እትዬ ለተብርሃን ይህን የጠየቁት አውሮራ ከተማ ባለ የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ የቅዳሜ ጠዋት የማይክሮባዮሎጂ ክፍል ውስጥ ነው። ከመጠየቃቸው በፊት መነጽራቸውን አወለቁ፤ መቃወም ሲያስቡ መነጽር ማውለቅ ልማዳቸው ነበር። መምህሩ መለሰላቸው። በኋላ እኔም በአማርኛ መለስኩላቸው። በሁለታችንም አልረኩም። ባለፈው የበረዶ ወራት ሞንትቤሎ ባለው ቤታቸው፣ በገዛ አልጋቸው ላይ ሲያርፉ ጥያቄው እንዳለ ነበር። እኔ አሁን ነርስ ነኝ። ስለ ባክቴሪያ ከተማርኩት ብዙውን ረስቼዋለሁ። ይህን ጥያቄ ግን አልረሳሁትም፤ መልስም የለኝም።

ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ግን አውቃለሁ። ባክቴሪያው ውስጥ ብረትና ድኝ የያዘ አንድ ፕሮቲን አለ። ኦክስጅን ሲያገኘው ይፈርሳል። ኦክስጅን ሲጠፋ ደግሞ ሳይፈርስ ይቆይና ሄዶ ዲኤንኤው ላይ ይቀመጣል፤ ሥራ ፈተው የተቀመጡ ጂኖችን ያስነሳል። በነዚያ ጂኖች መሠረት አዲስ ኤንዛይም ይሠራል። ኤንዛይሙም እስከዚያ ለኦክስጅን ይሰጥ የነበረውን ኤሌክትሮን ለሌላ ንጥረ ነገር፣ ለናይትሬት፣ ይሰጣል። በመጽሐፉ አነጋገር ባክቴሪያው ናይትሬት ተነፈሰ ማለት ነው። ይህን ሁሉ በጥንቃቄ ሳስረዳቸው እትዬ ለተብርሃን እስከ መጨረሻው ሰሙኝና፦

"እሱ እንዴት ነው። እኔ ማን ነው ያልኩት" አሉ።

አስመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ ኤርትራዊት ነበሩ። አማርኛ የቤታቸው ቋንቋ ሳይሆን የክፍላቸው ቋንቋ ስለሆነ፣ እስከ እርጅናቸው ድረስ ፈተና ላይ እንደተቀመጠ ሰው ነበር የሚናገሩት። እኔ አዲስ አበባ ነው ያደግኩት። አማርኛ አፌን የፈታሁበት ነው፤ በዚህም ምክንያት በየቀኑ እታረም ነበር።

"እትዬ፣ ይቅርታ ቆየሁ፤ ፓርክ እያደረግኩ ነው።"

"ምኑን?"

"መኪናዬን።"

"መኪና ይቆማል። ፓርክ ልጆች የሚጫወቱበት ነው።"

ከሁሉ በላይ የሚጠሉት ግን ባለቤት የሌለውን ግስ ነው። ልጅ ሳሉ ሰዋስው ያስተማሯቸው ሰው፣ ድርጊቱን ማን እንደፈጸመው ሳይናገር የሚያልፍን ተማሪ ቁጭ አያደርጉም ነበር አሉ። እኔ የክፍሉን ማስታወሻ ወደ አማርኛ መልሼ ስናጠና "ኃይል ይመረታል" ብዬ ከጀመርኩ እርሳሳቸውን ገልብጠው በላጲሱ በኩል ጠረጴዛውን ይመቱታል።

"ማን ያመርተዋል?"

"ባክቴሪያው።"

"ባክቴሪያው ቤቱ ነው። ሠራተኛውን በስሙ ጥሪው።"

እጠራለሁ። በባክቴሪያው ሽፋን ላይ የተሰለፉት ኤንዛይሞች ኤሌክትሮኑን እጅ በእጅ ይቀባበሉታል፤ እየተቀባበሉም ፕሮቶኖችን ወደ ውጭ ይገፋሉ። ውጭ የተጠራቀሙት ፕሮቶኖች ተመልሰው የሚገቡበት በር አንድ ነው፤ እሱም ራሱ ኤንዛይም ነው፤ ሲገቡበት እንደ ወፍጮ ይሽከረከራል፤ ሲሽከረከር ኤቲፒ የሚባለውን የኃይል ስንቅ ይሠራል። እትዬ ለተብርሃን ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሁሉም ሠራተኛ በስሙ ተጠርቷል።

ጎበዝ ተማሪ ነበሩ ማለት ግን አልችልም። ፈተና ላይ ጊዜያቸውን የሚጨርሱት ጥያቄውን በማረም ነው። "ባክቴሪያ ግሉኮስን ይመርጣል" የሚል ካዩ "ይመርጣል" የሚለው ላይ ሰርዘው ያልፋሉ፤ መልሱን ሳይመልሱ። መምህሩ ወጣትና ትሑት ሰው ነበር፤ ለሰረዙት ነጥብ መስጠት የሚቻልበት መንገድ ካለ ብሎ የበላዮቹን ጠይቋል። አልተቻለም።

አንድ ጊዜ የቤተ ክርስቲያናችን ፓስተር ከሳይንስ ምሳሌ ስጪኝ ብሎኝ የናይትሬቱን ነገር ነገርኩት። እሑድ ዕለት "ባክቴሪያ እንኳን ኦክስጅን ሲያጣ ተስፋ አይቆርጥም!" ብሎ ሰበከ። ሕዝቡ አሜን አለ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ለእትዬ ለተብርሃን አወራሁላቸው።

"ተስፋ የሚሠራው ኤንዛይም የትኛው ነው?" አሉ። እየቀለዱ መሆን አለመሆናቸውን እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

እዚያ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚሠሩ ማንም አያውቅም ነበር። ሌሎቻችን፣ ቀን አረጋውያን የምንንከባከብ ሴቶች፣ ነርሲንግ ለመግባት ይህን ኮርስ ማለፍ ግዴታችን ነው። እሳቸው ከሆቴል ልብስ ማጠቢያ ጡረታ ወጥተዋል፤ ነርስ የመሆን ሐሳብ የላቸውም። የመመዝገቢያው ልጅ ለምን እንደሚማሩ ሲጠይቃቸው "ለጠቅላላ እውቀት" አሉት። የላቦራቶሪው በርጩማ ስለማይመቻቸው ከቤት ትራስ ይዘው ይመጣሉ። ለጠቅላላ እውቀት ትራስ የሚሸከም ሰው አይቼ ስለማላውቅ አላመንኳቸውም፤ ግን አልጠየቅኩም።

ከክፍል በኋላ ሞንትቤሎ እሳቸው ቤት ሄደን እናጠናለን። ቤቱ ንጹሕ ነው። ቤቱ ደግሞ ይቀዘቅዛል። ውጭ በረዶ እየጣለ የመኝታ ቤቱም የሳሎኑም መስኮት ጋት ያህል ተከፍቶ ይውላል፤ ያድራል። ማሞቂያው ሳያቋርጥ ይጮኻል፤ ሙቀቱ ወደ መንገዱ ይወጣል። እኔ ካፖርቴን ሳላወልቅ፣ ጣቱ የተቆረጠ ጓንት አድርጌ ነበር የማጠናው። ቀለም በብዕሬ ውስጥ እምቢ ሲል በአፌ አሞቀዋለሁ።

"እትዬ፣ መስኮቱ..."

"አየር ያስፈልጋል።"

አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ የሳሎኑን ተነስቼ ዘጋሁት። አልተቆጡም። "አስቴር፣ ክፈቺው" አሉ፤ ወደ መጽሐፋቸው ተመለሱ። ከፈትኩት።

ልጃቸው ሳባ ስትዘጋው ግን ሌላ ነው። ሳባ እዚሁ የተወለደች አንድ ልጃቸው ናት፤ ሊትልተን ትኖራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሕፃኗን ይዛ ትመጣለች። ሕፃኑ የበረዶ ልብሱን ለብሶ ይገባል፤ የበረዶ ልብሱን ለብሶ ይወጣል፤ አያቱ ያለ ኮፍያ አይተውት አያውቁም። አንድ ቅዳሜ አፍንጫው ቀልቶ ሲያስነጥስ ሳባ ወደ መስኮቱ ሄደች። እጇ መስታወቱ ላይ ከማረፉ እትዬ ለተብርሃን ከወንበራቸው ተነሥተው በትግርኛ ጮኹባት። ያ ድምፅ ከሳቸው ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ሳባ እጇን መለሰች፤ ሕፃኑን አንስታ ወጣች።

መኪናዋን ለማሳለፍ የኔን ላነሣ ተከትያት ወጣሁ። ሳባ አማርኛ አትችልም፤ እኔ ትግርኛ አልችልም፤ የምንነጋገረው በእንግሊዝኛ ነው።

"አየሻት አይደል?" አለችኝ። "አባቴ ከሞተ ጀምሮ እዚህ ቤት መስኮት መንካት አልችልም። የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። እንደ ሌባ ነው የምትጮህብኝ። አንቺ ብትነኪው ትጮህብሻለች?"

"አትጮህም" አልኩ። መዋሸት ይሻል ነበር ይሆናል።

"አእምሮዋ እየሄደ ነው። እዚህ ብቻዋን ልተዋት አልችልም፤ ልጄንም እዚህ ላመጣው አልችልም።" የሕፃኑን ቀበቶ አሰረች። "አንቺ የምትሠሪበት ቦታ አልጋ አለ?"

"አለ።"

"መስኮቱ ይከፈታል?"

"አይከፈትም።"

"ጥሩ" አለች።

ሳባ ከኮርሱ ማብቂያ በኋላ ባለው ሳምንት የምሠራበትን የአረጋውያን መኖሪያ ለማየት ቀጠሮ ያዘች። እትዬ ለተብርሃን ሰሙ፤ አልተከራከሩም። "መጀመሪያ ፈተናዬን ልጨርስ" ብቻ አሉ። እንደ ገባኝ ግን የሚሸሹት አልጋውን አልነበረም። እዚያ የሚተኙበትን ክፍል እንድነግራቸው ጠየቁኝና ነገርኳቸው፤ ስለ ምግቡ፣ ስለ ጎረቤቱ አልጠየቁም። "ሳባ ልትጠይቀኝ ስትመጣ ሕፃኑን ይዛ እዚያ ውስጥ ትቀመጣለች?" አሉ። አዎ አልኳቸው። "በሩስ ክፍት ይሆናል?"

ከዚያ የቱቦው ቀን መጣ።

መምህሩ ለየሁለት ተማሪ በመደርደሪያ የሙከራ ቱቦዎች ሰጠን። ቱቦዎቹ ባክቴሪያ የሚያድግበት ወፍራም መረቅ የያዙ ናቸው፤ አየር የሚገባው ከላይ ብቻ ስለሆነ ወደ ታች በወረድሽ ቁጥር ኦክስጅን እያነሰ ይሄዳል። በአንዱ ቱቦ ባክቴሪያው ከላይ ብቻ አድጓል፤ ያለ ኦክስጅን የማይሆንለት ነው። በሁለተኛው ከላይ እስከ ታች ሞልቷል፤ ሁለቱንም የሚችል ነው። በሦስተኛው ላዩ ጥርት ያለ ነው፤ ከታች ብቻ ደፍርሷል። እትዬ ለተብርሃን ሦስተኛውን አንስተው ወደ መብራቱ ያዙት።

"ይኼ ታች ያለው" አሉኝ በአማርኛ፣ "አየር አጥቶ የሞተው ነው?"

"አይ፣ እትዬ። ደፍርሶ የሚታየው ያደገው ነው። የሚኖረው እዚያ ነው። አየር ያለበት ቦታ ነው የሚሞተው።"

"ስሙ ማን ነው?"

"አናኤሮቢክ።"

መነጽራቸውን አወለቁ። ቱቦውን ግን አልለቀቁም።

"ደግመሽ በዪው።"

"አናኤሮቢክ። ያለ አየር የሚኖር ማለት ነው።"

"አየር ማጣት ማለት አይደለም? አየር በማጣት የሚመጣ በሽታ?"

"አይደለም።"

ቱቦውን ቀስ ብለው መደርደሪያው ላይ መለሱት። እጃቸውን ታጠቡ፤ መመሪያው እንደሚለው በሳሙና፣ እስከ አንጓቸው ድረስ። ከዚያ ትራሳቸውን ትተው ወጡ።

ትራሱን ይዤ ስወጣ መኪናቸው ውስጥ ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ አራቱም መስኮት ወርዷል። ከጎናቸው ገባሁ። ፊት ለፊት አንድ ሰውዬ የመኪናውን መስታወት ከበረዶ ይፍቃል፤ እሱ እስኪጨርስ ጠበቁ።

"ባለቤቴን ሆዱን አሞት ነበር" አሉ። "ጋዝ ነው አለ። ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ኖሯል። እኔ ሥራ ነበርኩ። ብርድ ብርድ አለው፤ መስኮቱ ተዘጋ። ሌሊቱን ተዘግቶ አደረ። በማግስቱ ሆስፒታል ወሰድነው፤ ከዚያ አልወጣም። ሐኪሙ ሲያስረዳኝ ትግርኛ አስተርጓሚ ጠፋ። አማርኛ አለ አሉኝ፣ በስልክ። አማርኛ ይሁን፣ ተምሬዋለሁ አልኩ። ሐኪሙ ብዙ ተናገረ። ከመሐል ያቺን ቃል ሰማኋት፤ አናኤሮቢክ። አስተርጓሚው 'ኢንፌክሽኑ የመጣው በአየር ማጣት ነው' አለኝ።"

"ስህተት ነው፣ እትዬ።"

"አረፍተ ነገሩ ስህተት የለበትም። መርምሬዋለሁ።"

"ትርጉሙ ነው ስህተቱ።"

ከዚያ የማውቀውን በቅደም ተከተል ነገርኳቸው። እነዚያ ባክቴሪያዎች በኔም በሳቸውም አንጀት ውስጥ አሉ። በኤሌክትሮን ሰልፋቸው መጨረሻ ኦክስጅንን የሚቀበል ኤንዛይም የላቸውም፤ የሚሠራላቸው ጂንም የላቸውም። ኃይል የሚያገኙት ስኳር ሰባብረው ነው። ኦክስጅን መርዛቸው ነው። ትርፍ አንጀቱ ሲፈነዳ ከቦታቸው ወጥተው ሆድ ዕቃው ውስጥ ተሠራጩ። "የክፍሉ አየር እዚያ አይደርስም" አልኩ። "መስኮቱ ቢከፈት የሚገባው ብርድ ብቻ ነው።"

"መስኮቱን የዘጋ ሰው ጥፋት የለበትም?"

"የለበትም።"

"እርግጠኛ ነሽ ወይስ እያጽናናሽኝ ነው?"

"ማጽናናት አልችልበትም።"

"እሱስ እውነት ነው" አሉ። መኪናውን አስነሡ።

በኔ መልስ አላበቁም። በሚቀጥለው ቅዳሜ መምህሩን ለብቻው ይዘው ጠየቁት። ፋርማሲስቱን ጠየቁ። ምዕራፉን እንደገና አነበቡ፤ በዚህ ጊዜ አንድም ቃል አልሰረዙም። ኮርሱን በ"ሲ" ውጤት አለፉ። የቤታቸው መስኮት ግን እንደተከፈተ ነው፤ ሳባም ቀጠሮዋን አልሰረዘችም።

"ለምን አይነግሯትም?" አልኳቸው። "አእምሮዋ ሄዷል ብላ ነው እዚያ የምትወስድዎት። ምክንያቱን ብታውቅ ትተወው ነበር።"

"ብትሰማው ይከፋታል።"

"ምኑ ነው እሷን የሚከፋት? የተጎዱት እርስዎ ነዎት።"

"አንቺ ባክቴሪያሽን አጥኚ" አሉኝ።

እኔ ራሴን ጠንቃቃ ሰው ነኝ ብዬ ነው የማስበው። ደረሰኝ ሳላይ ከሱቅ አልወጣም። ግን "መስኮቱ ተዘጋ" ሲሉኝ ጆሮዬ አልቆመም። ዕድሜ ልካቸውን ማን፣ ማን ሲሉ የኖሩ ሴት ናቸው፤ ያቺን አንዲት አረፍተ ነገር ግን ያለ ባለቤት አሳለፏት፤ እኔም አሳለፍኳት። ብርድ ብርድ ያለውን ባሏን ለማሞቅ መስኮት ዘግታ፣ ገደልኩት ብላ የኖረች ሴት መስለውኝ ነበር። በዚህም በጣም አዝኜላቸው ነበር።

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። ቦታውን የማስጎበኘው እኔ ስለሆንኩ ከሳባ ጋር ለመሄድ ወደ ሞንትቤሎ መጣሁ። ሳባ ሕፃኑን እንደታቀፈች ቆማ ትጠብቃለች፤ የመኪና ቁልፏ በእጇ ነው። እትዬ ለተብርሃን ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል።

"ማሚ፣ እንሂድ" አለች ሳባ።

እሳቸው በትግርኛ ተቀመጪ አሏት፤ በእጃቸውም ቦታውን አሳዩዋት። ተቀመጠች። ወደኔ ዞሩ።

"አስቴር፣ አንቺም ቁጭ በይ። ስለ ባክቴሪያው ትጠይቅሽ ይሆናል፤ ያኔ በእንግሊዝኛ ትመልሻለሽ። ስለ ሌላው አትግቢ።"

ከዚያ በትግርኛ ጀመሩ። ቀስ ብለው፣ ቃል እየመረጡ ነበር የሚያወሩት፤ አማርኛ ሲናገሩ እንጂ ትግርኛ ሲናገሩ እንደዚያ አይደሉም። እኔ የያዝኳቸው ከሌላ ቋንቋ የመጡትንና ለአማርኛ የቀረቡትን ብቻ ነው። ሆስፒታል። አስተርጓሚ መሆኑ የገባኝ አንድ ቃል። "ኣቦኺ" አሉ፤ አባትሽ። አናኤሮቢክ። መስኮት በትግርኛም መስኮት ነው። ከመስኮቱ አጠገብ "ኣነ" የሚለውን እየጠበቅኩ ነበር፤ እኔ ማለት ነው፣ ለሱ ያህል ትግርኛ አላጣም።

"ንስኺ" አሉ።

አንቺ ማለት ነው። ለሱም ያህል አላጣም። ደግመው "ንስኺ" አሉ፤ እጃቸውን ልጃቸው ጉልበት ላይ አሳረፉ።

ያኔ የገባኝ ነገር ቀድሞ ሊገባኝ ይገባ ነበር። እኔ መስኮት ስዘጋ ያልጮኹብኝ፣ እሷ ስትነካው ከወንበር የሚነሡት፣ ጥያቄያቸው ሁሉ የዘጋው ሰው ጥፋት አለበት የለበትም የነበረው ለዚህ ነው። የአሥረኛ ክፍል ልጅ ከትምህርት ቤት መጥታ አባቷ ሲንቀጠቀጥ አይታ የሠራችውን፣ እናትየው ለማንም ሳይናገሩ ይዘውት ኖረዋል። አሁን ነፃ ነሽ ሊሏት ፈልገዋል። ነፃ ነሽ ለማለት ደግሞ አስቀድሞ ተከሰሽ ነበር ማለት ግድ ነው፤ ዳኛውም ከሳሹም እኔ ነበርኩ ማለት ግድ ነው። ማይክሮባዮሎጂ ከዚህ ይቀላል።

ጨረሱ። ማሞቂያው ይጮኻል። ሕፃኑ የእናቱን የካፖርት ቁልፍ አፉ ውስጥ ከቷል። ሳባ እናቷን አየች፤ እኔን አየች። ስለ ባክቴሪያው ትጠይቀኛለች ብዬ ከስኳሩ ልጀምር ወይስ ከኦክስጅኑ እያልኩ ተዘጋጀሁ። ፊቷ ላይ የጥፋተኛ ሰው ነገር ፈለግኩ፤ የለም። የተናደደ ሰው ነገርም የለም። የሆነ ነገር ለማስታወስ የሚሞክር ሰው ፊት ነበር፤ ግንባሯን ቋጥራ፣ የአባቷን ክፍል በሐሳቧ እየዞረች፣ ምንም ሳታገኝ።

"የትኛውን መስኮት?" አለች በእንግሊዝኛ።